ሰው ያልተኛበት አልጋ

ባለቤቴ አንጓች ማን እንደተኛበት በማታውቀው አልጋ ላይ ጎኗን አታሳርፍም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንገላገል፤ ከዚህ በታች የማወራላችሁ መከራ ሁሉ የበቀለው ከዚሁ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ነገሩ የንፅህና ጉዳይ ብቻ አይደለም። አልጋ የተኛበትን ሰው ጭንቀት ይዞ ያስቀራል ብላ ታምናለች። ዳንግላ እህቷ ቤት ሠርግ ተጠርተን ሌላው እንግዳ አልጋ ሲሻማ፣ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ዱካ ላይ ተቀምጣ አነጋች። ጫግኒ ለቅሶ ደርሰን በዚያ ወበቅ ሰው ሁሉ ያገኘው ላይ ሲዘረር፣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ወባ ትንኝ ስትመታ አደረች። ከዚያ ወዲህ ደርሶ መልስ ካልሆነ በቀር መንገድ የሚባል ነገር አትወጣም። ስለዚህ የአንጓች ዓለም ጠዋት ተወጥቶ ማታ የሚገባበት ብቻ ሆነ፤ ግምጃ ቤት፣ ጥሊሊ፣ ዳንግላ፣ ብትርቅ ብትርቅ ጫግኒ። የሾፌር ሚስት ናት እንግዲህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ሚስት ካገር አገር ሳመላልስ የራሴዋ እንጅባራ ላይ ቆማ ቀረች።

አንድ ቀን የእህቷ ልጅ ስልክ ላይ ቪዲዮ አሳየቻት። ጣና ሐይቅ ዳር የተነሳ ነው፤ ጀምበር ከውሃው ውስጥ ቀስ እያለች ትወጣለች። አንጓች ደጋግማ አስከፈተችው። «ታጥባ የምትወጣ እኮ ነው የምትመስለው» አለች። ከዚያ ስልኩን መለሰችና ድንች መላጧን ቀጠለች። ማታ ራት ላይ ግን፣ ዓይኗን ከሞሰቡ ሳታነሳ፣ ይህን በዓይኔ ሳላየው ብሞት ይቆጨኛል አለችኝ። አንጓች ነገር አትለምንም። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ለራሷ ብላ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ጀምበር ከውሃ ስትወጣ ለማየት ደግሞ ውሃው ዳር ማደር ያስፈልጋል። ለማደር አልጋ ያስፈልጋል። አልጋውም ሰው ያልተኛበት መሆን አለበት።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከፈረንጅ ነው። ከዓመታት በፊት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ጎማ የፈነዳባቸው ባልና ሚስት ረድቼ ነበር። መኪናቸው ውስጥ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ሴትየዋም እዚያው ውስጥ ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ። ቤታቸውን እንደ ቀንድ አውጣ ተሸክመው ነው አገር የሚዞሩት። ያን ጊዜ በልቤ ስቄባቸው ነበር። ቤት ያለው ሰው መኪና ውስጥ ምን ያስተኛዋል? አሁን ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውየውም ሚስቱ ሰው የተኛበት አልጋ ላይ አልተኛም ብላው መሆን አለበት።

ወገቤ አልችል ብሎኝ ተሳፋሪ መጫን ካቆምኩ ወዲህ ሚኒባሴ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ትታቀፍባት ነበር። ዶሮዋን አስነሳሁና ሥራ ጀመርኩ። መናኸሪያ ያሉ ጓደኞቼ በስተርጅና ጫጉላ አማረው እያሉ ተሳለቁብኝ፤ አንዱማ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብሎ ተረተብኝ። እነሱ ምን ያውቃሉ አልኩ። ያውቁ ነበር ለካ።

መጀመሪያ ወንበሮቹን ፈታሁ። ደጅ ደርድሬያቸው መፍቻ ለማምጣት ወደ ቤት ገብቼ ስወጣ ግማሾቹ የሉም። ጎረቤት ተዝካር ስለነበረ ለእንግዳ መቀመጫ ተዋሱኝ፤ አንጓች ፈቅዳ ነው። መዋስ መልካም ነገር ነው፤ ችግሩ መመለስ የሚባለው ወንድሙ መጥፋቱ ነው። ዛሬም ከተማ ውስጥ ስዘዋወር የገዛ ወንበሮቼን ሰላም እያልኩ ነው የማልፈው። አንዱ ፀጉር ቤት ገብቷል፤ ረጅሙ የኋላ ወንበር ጠላ ቤት ሥራ አግኝቷል። የጋቢናው ደግሞ በእድራችን ዳኛ በአያ ስመኘው በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ቀበቶው እንኳን አልተፈታም። አያ ስመኘው እሱ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይመርቃሉ።

ከዚያ የአልጋው ነገር መጣ። እንግዲህ እኛ አገር አጥሩ ቀርከሃ ነው፣ ወንበሩ ቀርከሃ ነው፣ መደርደሪያው ቀርከሃ ነው። ሌላ አገር ሰው መኪና ውስጥ አልጋ ልሥራ ሲል ብረት ወይም ጣውላ ይታየው ይሆናል። የእንጅባራ ሰው ግን ሳያስበው እግሩ የሚወስደው ወደ ቀርከሃ ሠራተኛ ነው። ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

አለልኝ የሚባል ወሬ የሚወድ የቀርከሃ ሠራተኛ አለ። የምፈልገውን ዘርዝሬ ነገርኩት። በኋላ በር ተንሸራቶ የሚገባ፣ ሲፈለግ ደግሞ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ይዞ የሚያወጣው እንዲሆን ፈለግሁ፤ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከነፍራሹ አውጥተን ሣሩ ላይ ልንቀመጥበት። ስለዚህ በሁለቱም በኩል የዘንጎቹ ጫፍ ለእጅ መያዣ እንዲተርፍ አልኩት። አለልኝ በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ በሽተኛው ቁመቱ እንዴት ነው?» አለኝ።

በሽተኛ የለም፤ ለእኔና ለባለቤቴ ነው አልኩት።

ፊቱ በሐዘን ተኮማተረ። «ሁለታችሁንም ነው የሚያማችሁ?»

ተቆጥቼ ያልኩህን ብቻ ሥራ አልኩት። እዚያ ላይ ነበር ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ። አልጋው ተሠርቶ መጣ። ለእኔ አልጋ ነው። ዓይን ላለው የአገሬ ሰው ግን፣ በሁለት ረጅም ዘንግ ላይ የተረበረበ ቀርከሃ፣ በአራት ማዕዘኑ የእጅ መያዣ የወጣለት፣ ሌላ ስም የለውም። ቃሬዛ ነው። ሰፋ ያለ፣ መጋረጃ ያለው፣ በጎማ የሚሄድ ቃሬዛ።

አንጓች ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ ገዝታ መጋረጃውን በእጇ ሰፋች። ፍራሹን ከነጋዴው ከሰይድ ሱቅ ከነላስቲኩ አመጣሁት፤ ላስቲኩን ዓይኗ እያየ፣ እሷው ራሷ ቀደደችው። አንሶላ አነጠፈች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ተኛች። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ላሜራውን ይደበድበዋል፤ መኪናዋ ከግቢያችን አልወጣችም። አንጓች ዓይኗን ጨፍና ብቻዋን ሳቀች። እዚሁም ቢሆን ጥሩ ነው አለች። እኔ ጎማዋ አጠገብ ቆሜ እየበሰበስኩ ደስ አለኝ። ሰው ደስ ሲለው እንዴት እንደሚሞኝ እኔን አይታችሁ እወቁ።

በበነጋው መሄድ ነበረብን። ግን ክረምቱ ይውጣ አልን፤ ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ ተዘጋ ተባለ፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ነዳጅ ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ መስቀል አለፈ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በመጨረሻ ሁሉም ሞላና ሐሙስ ጠዋት ልንነሳ ቆረጥን። ረቡዕ ከሰዓት ጎረቤት ሊሸኘን መጣ። ዳቦ ይዘው ነው የመጡት፤ አዲስ ቤት እንደገባ ሰው እንኳን ደስ አላችሁ ይሉናል። አንጓች የመኪናዋ በር ላይ ቆማ ሰውን በጨዋታ እየያዘች ከአልጋው ትከላከላለች። አያ ስመኘውን ግን ማን ይከላከላል? በዚያ ላይ ዳኛ ናቸው፣ በዚያ ላይ ሽማግሌ ናቸው። እስቲ አሉና ገቡ። እስቲ አሉና ተቀመጡ። እስቲ አሉና ጋደም አሉ። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ተሰማ። ደፍሮ የሚቀሰቅስ ጠፍቶ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በራሳቸው ጊዜ ነቁና፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝተው እንደማያውቁ መስክረው መረቁን። አንጓች አሜን አለች። ከዚያ አንሶላውን ገፍፋ ማጠብ ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት ሞተር አስነስቼ አልጋውን ገፋ አድርጌ አወጣሁት፤ ከሥሩ ቡታጋዝና ድስት ልንጭን ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቃሬዛው ጫፍ፣ ይቅርታ፣ የአልጋው ጫፍ ወደ መንገዱ ወጥቷል። በዚህ መካከል ከገጠር ምጥ የያዛት ሴት ተሸክመው የሚመጡ ሰዎች ከደጃችን ደረሱ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ቃሬዛ አይታለፍም። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው የያዘውን ጥሎ ከሥር ይገባል፤ የደከመው ይወጣል። ገበያተኛም ቢሆን፣ ሙሽራም ቢሆን፣ ከተሸካሚው ጋር የተካሰሰም ቢሆን ያው ነው። አይቶ ያለፈ ሰው ምንም አይባልም። የሚባለው የእሱ ቀን ሲደርስ ነው፤ ያኔ ማን ያንሳው ይባላል። እኔም ስንቱን ተሸክሜያለሁ፤ ትከሻዬ ይመስክር። ሰዎቹ ታዲያ ደክሟቸው፣ ላባቸው እየተንቆረቆረ፣ ቀና ሲሉ ምን አዩ? ሞተሯ የተነሳ መኪና፣ ከውስጧ ባዶ ቃሬዛ ዘንጉን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። እግዚአብሔር ያዘጋጀው መሰላቸው እንጂ የሰው ንብረት መሆኑን ያሰበም የለ። ማንም አልጠየቀኝም።  ሴትዮዋ እያቃሰተች፣ ይህ ለሽርሽር ነው የተሠራው ይባላል?

ትራሱን ቀድማ ያስተካከለችላት አንጓች ናት። እጇን ይዛ አብራት ገባች። ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ ልጁ ተወለደ፤ አንጓች ነጠላዋን ቀዳ ተቀበለችው። ስሙንም መንገዱ አሉት። የሴትዮዋ ባል እግሬ ላይ ሊወድቅ ቃጣው፤ ሰው ሁሉ መረቀኝ። አንጓች ማታ ፍራሹን ፀሐይ በሌለበት ግድግዳ ላይ አስደግፋ ስትፈትግ፣ ልጅ ንፁህ ነው አለችኝ፤ እንዲደርቅ ጠብቀን እንሄዳለን። ቅሬታ አልነበራትም።

እንጅባራ ላይ ፍራሽ በቶሎ አይደርቅም፤ ወሬ ግን በአንድ ቀን ይደርሳል። ፍራሹ ሳይደርቅ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ያልሰጠሁት ሰው ሁሉ ቁጥሬን ያውቀዋል። አንዷ ሆዷን ቆርጧታል፤ አንዱ ከጣሪያ ወድቋል፤ አንዱ ጠጥቶ ቦይ ውስጥ ተኝቷልና ብርድ ሳይገድለው አንሱልን ይላሉ። ሁሉም የሚለምነው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሉ ሰዎች ሲሰበሰቡ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ያሰላ የለም። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ምርቃት ይጀምራሉ። ምርቃት ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ሰው ሲሰድብህ ትመልሳለህ፣ ሲመርቅህ አሜን ከማለት በቀር ምን ታደርጋለህ? ኪሱን ከሚዳብስ ሌባ ይልቅ አፉን በምርቃት የሚከፍት ጎረቤት ያስፈራኛል ማለት ጀመርኩ። ይህን ግን የምለው ለመሪዬ ብቻ ነው።

ከሁሉ የባሰብኝ የፈረሰኛው ነገር ነው። አንድ ጎረምሳ ከፈረስ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ፤ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈለትና ይዘነው ሄድን። ሆስፒታሉ ሞልቷል፣ ጠዋት ኑ ተባልን። አልጋ ፍለጋ የት እንሄዳለን፤ አልጋማ ይዘናል። ሐይቁ ዳር አቆምኩ። ጎረምሳው በአንጓች አንሶላ ላይ ተኛ፣ ወንድሞቹ ወለሉ ላይ፣ እኔ መሪዬ ላይ ተደፍቼ አደርኩ። ሲነጋጋ አንዱ ጎማ ተንፍሶ አገኘሁትና መኪናው ሥር ገባሁ። ከላይ ጎረምሳው የቢጫ አበባውን መጋረጃ ገልጦ፣ ጋሼ፣ ጋሼ፣ ጀምበሯን ይመልከቱ፣ ከውሃው ውስጥ ወጣች ሲለኝ ይሰማኛል። እኔ ያን ሰዓት የሚታየኝ ክሪክና ብሎን ነው። ከሥር ወጥቼ እጄን ስጠርግ እሷ ከፍ ብላ እንደማንኛውም ቀን ፀሐይ ሆናለች።

ጎረምሳው በጀሶ ታሽጎ አገሩ ሲመለስ አንጓች ወግ ነውና ምግብ ሠርታ ጠየቀችው። እሱም ውለታ የመለሰ መስሎት ያየውን ሁሉ አወራላት፤ ውሃው እንዴት እንደቀላ፣ ወፎቹ እንዴት እንደተነሱ፣ የመኪናዋ መስኮት እንዴት ልክ በዓይኑ ትይዩ እንደነበረ። ጨርሶ ሲያበቃ፣ እርስዎማ ስንቴ አይተውታል አላት። አንጓች ይማርህ ብላ ሰሃኗን ይዛ መጣች። ቤት ገብታ ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በበነጋው አያ ስመኘው ዘንድ ሄድኩ። የገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እኔ ቆሜ ነው የማናግራቸው። እድሩ ባልነበርኩበት ስብሰባ ስለ እኔ መወሰኑንም ያኔ ነው የሰማሁት። ቃሬዛ ከመሸከም ነፃ አውጥተውኛል፤ መኪናዬንም የእድራችን መኪና ብለው ሰይመዋታል። ሁሉም አጨብጭቦ ነው የተወሰነው አሉኝ። ስለ ክብሩ አመስግኜ ጉዳዬን ተናገርኩ። ለጥቂት ቀን፣ አንድ ሳምንት እንኳን ባይሞላ፣ ባለቤቴን ሐይቅ ዳር ላሳድራት ነበር አልኳቸው።

አያ ስመኘው ረጋ ብለው ሰሙኝ። «ሂድ እንጂ፤ ማን ከለከለህ» አሉ። የወንበሩን ቀበቶ በጣታቸው እያሻሹ ቀጠሉ። «ብቻ አንተ ሐይቅ ዳር ተኝተህ እዚህ አንዱ ቢሞት፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?»

አይወስደኝም አልኩ። እውነቴን ነው። ቅር ያለኝም እሱ ነው፤ ገመዱን በግድ አላሰሩብኝም፣ እኔው አንገቴ ላይ ይዤው የምዞረውን ነው የሳቡት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እኔ ግን በጥቅምትም በኅዳርም መስማቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ የአባባ ተገኘ ነገር መጣ። አባባ ተገኘ የሠፈራችን አንጋፋ ናቸው፤ ለአንጓችም በእናቷ በኩል አጎት ይሆናሉ። ባሕር ዳር ታክመው፣ ከእንግዲህ ቤታቸው ያስታምሟቸው ተብሎ፣ ከልጃቸው ጋር ይዣቸው እመለሳለሁ። መንገዱ እንዳይረዝምባቸው ብዬ ወሬ ያዝኩ። ስለ አልጋው፣ ስለ አለልኝ፣ ስለ አያ ስመኘው እንቅልፍ፣ ስለ ወንበሮቼ፣ የሆዴን ሁሉ አወራኋቸው። አንድ ጊዜ እንኳን አላቋረጡኝም። አንድ ጊዜ እንኳን ልጄ ታገሥ አላሉኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያዳመጠኝ ሰው የለም። እንጅባራ ስንገባ ልጃቸው ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ከዳንግላ ጀምሮ መሞታቸውን አውቃለሁ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት አለችኝ።

አንጓች ወጉን አላጎደለችም። ደረቷን መታች፣ ሙሾ አወረደች፣ ከልቧ አለቀሰች፤ የምትወዳቸው ሰው ነበሩ። ለቅሶው ሲበርድ ግን አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ መኪናዋ ጋ አየኋት። የሰፋችውን መጋረጃ አንድ በአንድ ከሽቦው እያወጣች ታጥፋለች። አንጓች ስትቆጣ በአማርኛ ነው፤ ትምህርት ቤት የተማረችው ቋንቋ ለቁጣ ይመቻታል። ስታዝን ግን በእናቷ ቋንቋ በአገውኛ ነው። መጋረጃውን ሳጥኗ ውስጥ ከትታ ክዳኑን ስትዘጋ በአገውኛ፣ አልጋው አሁን ሞላ አለች።

እኔ ሞኙ አልገባኝም። የሚጠገን ነገር መሰለኝ። ሰይድ ሱቅ ሄጄ አዲስ ፍራሽ ከነላስቲኩ አመጣሁ።

«ቀርከሃውስ?» አለችኝ።

አለልኝ ዘንድ ሄጄ መያዣ የሌለው፣ ከአልጋ በቀር ምንም የማይመስል አልጋ አዘዝኩ። አለልኝ በሽተኛው ዳነ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዲሱን አልጋ አስገብቼ፣ አሮጌውን ለእድሩ ሰጥቼ ጠራኋት። በር ላይ ቆማ ተመለከተችው።

«መኪናውስ?» አለችኝ።

 ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ አሮጌውን አልጋ ከነበሽተኛው ተሸክመው መጥተው ከአዲሱ ላይ ደረቡት። ያን ቀን አንጓች ከጓዳ ብቅም አላለች።

ከጥምቀት በኋላ የአንጓች የፅዋ ማኅበር ሴቶች ጣና ዳር ያለ ገዳም ሊሳለሙ አውቶቡስ ተከራዩ። በየዓመቱ ይሄዳሉ፤ አዳር ስላለው እሷ ሄዳ አታውቅም። ዘንድሮ እሄዳለሁ አለች። እኔ በሚኒባሷ ከኋላ ከኋላችሁ እመጣለሁ፣ አንቺ አውቶቡሱ ውስጥ ትሄጃለሽ፣ ውሃው ዳር እንገናኛለን አልኳት። ትንሽ አየችኝና ና አለች። ለሐይቁ ዳር የጠዋት ብርድ ብዬ ለገና የገዛሁትን ጃኬቴን ለበስኩ።

አውቶቡሱን ተከትዬ ከከተማው ወጣሁ። ከኋላ መስኮት ላይ ነጠላዋ ይታየኛል፤ እየዞረች መምጣቴን ታያለች። የመጨረሻዎቹን ቤቶች እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ። አያ ስመኘው ናቸው። ግምጃ ቤት መንገድ ላይ አንድ አባወራ ራሱን ስቶ ወድቋል፣ ልጆቹ እያለቀሱ ነው አሉኝ። የት ነህ ብለው እንኳን አልጠየቁኝም። መሪዬን ያዝ አድርጌ አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ዞርኩ። ነጠላዋ መስኮቱ ላይ እንደነበረች ነው፤ ስዞር አይታኛለች።

አባወራው ተረፈ፤ እሱ ይደሰት። ሆስፒታል አድርሼው ቤተሰቡ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ወገቤ አልታዘዝ ስላለኝ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁሉ የተኛበት አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። ለካ እስከዚያ ቀን እኔ ተኝቼበት አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ቀሰቀሰኝ። በሽተኛ ነው ብዬ ነበር። አንጓች ናት።

«አየኋት» አለች።

«ከውሃው ውስጥ ወጣች?»

«ወጣች።»

ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ከኋላዋ የሴቶቹ እልልታና የውሃ ድምፅ ይሰማል። ምን ልበላት? መጥቼ ነበር እኮ ልላት ነበር፤ ግን ስዞር ያየችኝን ሴት ምን ብዬ አታልላለሁ። የት አደርሽ አልኳት። ሆቴል አለች። ወንበር ላይ እንዳነጋች ገምቼ ወገቧ አሳዘነኝ።

«አልጋ ላይ ነው የተኛሁት» አለች። «እስኪነጋ አልነቃሁም፤ ሴቶቹ ናቸው የቀሰቀሱኝ።»

«ማን እንደተኛበት ሳታውቂ?»



«ባላውቅ ነው የተኛሁት» አለች። «የአንተ አልጋ ላይ የተኙትን እኮ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።»

ይህን ያለችኝ በአገውኛ ነው።